ውጤቱ አረንጓዴ፣ ሳይቱ ግን አይከፍትም

ባለፈው ዕትም ስለ ዶሜይን ስም ስናወራ መጨረሻው ላይ እግረ መንገዴን «ለመሆኑ የዌብሳይታችሁን ፍጥነት ለክታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ኢሜይሉ በስክሪንሾት ተጥለቀለቀ። ቀይ ክብ፣ ብርቱካናማ ክብ፣ አረንጓዴ ክብ። ግማሹ ሰው «ይሄ ቁጥር ምንድነው» ይላል፣ ግማሹ ደሞ ከዌብሳይት ሠሪው ጋር ተኳርፎ እኔን ሽማግሌ ሊያረገኝ ፈልጓል። ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል ተመሳሳዩን አንድ ላይ ጨፍልቄ አምስቱን ይዤ መጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ ሐይቁ ዳር አነስ ያለች የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ዌብሳይቷን ያሠራሁት አምና ነው፣ የሠራልኝ ልጅ ከ100 96 የሚል አረንጓዴ ውጤት አሳይቶኝ ቀሪ ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ። እንግዶች ግን እየደወሉ «ሳይታችሁ አይከፍትም፣ ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን» ይሉኛል። የእህቴ ልጅ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው የጉግል የፍጥነት መፈተኛ ስትፈትነው ደግሞ 31 አመጣ። ልጁ አጭበርብሮኛል ማለት ነው? አድራሻውን ከታች ጽፌዋለሁ፣ እባክህ እየው።
(የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጁን ለመርገም አይቸኩሉ፣ 96ቱም 31ዱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ አንዱን ገጽ ሁለቴ ነው ሚፈትነው፣ አንዴ እንደ ሞባይል አንዴ እንደ ኮምፒውተር፣ ውጤቱ ላይም ሁለቱን ለየብቻ መክፈት ይቻላል። በኮምፒውተሩ በኩል 10 ሜጋቢት ገደማ መስመር እና ጉልበታም ማሽን እንዳለ አርጎ ያስባል፣ በሞባይሉ በኩል ግን መስመሩን 1.6 ሜጋቢት ላይ ያንቀዋል፣ ፕሮሰሰሩንም አራት እጥፍ ያዘገየዋል፣ መካከለኛ አንድሮይድ ስልክ እንዲመስል። እርሶ ጋ ሚደውሉት እንግዶች ደሞ ሞጆ ላይ ምሳ እየበሉ «ዛሬ የት እንደር» ብለው በስልክ ሚከፍቱ ሰዎች ናቸው እንጂ ቢሮ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ አይደሉም፣ ስለዚ የርሶ ቁጥር 31ዱ ነው። ልጁ ያሳየዎት የኮምፒውተሩን ይመስለኛል። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እሱን ቁጭ አርገው ይጠይቁት።

ሳይቱን እኔም ፈተንኩት፣ ግን በሌላ መሣሪያ፣ ዌብፔጅቴስት በሚባለው። ፓትሪክ ሚናን የሚባል ኢንጂነር ኤኦኤል ውስጥ እያለ የሠራው ነው፣ በፈረንጆች 2008 ኮዱ ለማንም ክፍት ሆነ። እኔ ምወደው «ዋተርፎል» ሚለውን ክፍል ነው። ገጹ ሲከፈት ሚጠራቸው ፋይሎች በሙሉ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ መቼ እንደተጠራና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በባለቀለም አግድም መስመር ይታያል። የርሶ ሳይት ላይ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች አጫጭር ናቸው፣ ጽሑፉ፣ ዲዛይኑ፣ ሎጎው፣ ሁሉም ጠብ ጠብ ብለው ያልቃሉ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ አንድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሞ አገኘሁት። የሐይቁ ፎቶ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ የቆመው ዓሣ አጥማጅ። ፎቶው እውነትም ያምራል፣ ግን ከካሜራው እንደወጣ ነው የተጫነው፣ ስሙ እንኳን አልተቀየረም። 4000 በ3000 ፒክስል፣ 5 ሜጋባይት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1.6 ሜጋቢት ለስምንት ሲካፈል በሰከንድ 200 ኪሎባይት ነው (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው፣ ፓኬጅ ምንገዛው በባይት ፍጥነት ሚነገረን በቢት ስለሆነ ብዙ ሰው እዚ ጋ ይሸወዳል)። 5 ሜጋባይት በዚ ፍጥነት 25 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ፎቶ ብቻ! ነገርዬው ስላይድ ስለሆነ ደሞ ከኋላው አራት ወንድሞች አሉት። እንግዳው ታግሶ ሁሉንም ልይ ቢል 25 ሜጋባይት ከፓኬጁ ሄደ ማለት ነው፣ ክፍሉን ሳያይ።

እስቲ ብዬ ፎቶውን አውርጄ ስኩሽ በሚባለው የጉግል ነጻ መሣሪያ ስፋቱን 1200 ፒክስል አርጌ ዌብፒ በሚባለው ለዌብ በተሠራ ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት አስቀመጥኩት፣ 140 ኪሎባይት ገባ። ስልኬ ላይ ከዋናው ጋ ጎን ለጎን አርጌ ዓሣ አጥማጁን ከነመረቡ ባየው ባየው ልዩነት ማግኘት አልቻልኩም። 140 ኪሎባይት አንድ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። ለልጁ እንዲህ በሉት፦ ፎቶዎቹን በሙሉ አሳንስልኝ፣ ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ ደሞ «ሌዚ» ሚለውን አንሳልኝ። ሌዚ ማለት ሰውዬው ወርዶ እስኪደርስበት ፎቶውን አትጥራ ማለት ነው፣ ታች ላሉት ጥሩ ነው፣ ከላይ ላለው ግን ገና በር ላይ የቆመን እንግዳ «ቆይ ሻይ እስክጥድ» እንደማለት ነው። ሲጨርስ ሞባይል ሚለውን ከፍቶ ያሳይዎት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፣ ማታ ማታ ከጓደኛዬ ጋ ዲያስፖራው አገር ቤት ላለ ቤተሰቡ ለበዓል በግ፣ ዶሮ፣ ኬክ ምናምን ሚያዝበት ሳይት እናንቀሳቅሳለን። ሰርቨሩ ቨርጂኒያ ነው። ጂቲሜትሪክስ የሚባለው የፍጥነት መፈተኛ ኤ ይሰጠኛል፣ ስከፍተውም ብልጭ ነው ሚለው። አዲስ አበባ ትዕዛዝ ተቀብሎ ሚያደርሰው ልጅ ግን «የትዕዛዙ ገጽ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል» ይለኛል። ኔትዎርክ ነው ብዬ ልለፈው?
(በግ ሻጩ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ «ኔትዎርክ ነው» ሚለው መልስ እኮ ለሠሪ ሁሉ ይመቻል፣ እኔም ስንቴ ተደብቄበታለሁ። ግን መጀመሪያ ሪፖርቱን ክፈትና ከላይ በኩል ከየት ከተማ እንደተፈተነ እይ። ጂቲሜትሪክስ ለረጅም ጊዜ ካልነካኸው ከካናዳ ቫንኮቨር ነበር ሚፈትነው፣ ያውም መስመሩን ሳያንቅ በጥሩ ኢንተርኔት። ሰሜን አሜሪካ ተቀምጦ ሰሜን አሜሪካ ያለ ሰርቨር ሲፈትን ኤ ባይሰጥህ ነበር ሚገርመኝ።

አሁን ከአዲስ አበባ እንነሳ። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ በአየር መስመር ከ11,000 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልስ ከ22,000 በላይ፣ ስለዚ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳን ከ110 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም፣ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ገመዱ ደሞ ቀጥ ብሎ አይደለም ሚሄደው፣ ባሕር ስለሌለን መጀመሪያ በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ባሕር ላይ መውጣት አለበት፣ ከዛ በባሕር ሥር አውሮፓ፣ ከዛ አትላንቲክን ተሻግሮ። 250 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። አንዴ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ግን ኮምፒውተሮቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እንደኛ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ እንዴት ነህ አንድ ዙር፣ ቤተሰብ ደህና (ይሄ የምስጢር ቁልፍ ሚለዋወጡበት ነው) ሁለተኛ ዙር፣ ከዛ በኋላ ነው «ገጹን ስጠኝ» ሚለው ሦስተኛው ዙር። 750 ሚሊሰከንድ አለፈ፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያዋ ባይት እስክትደርስ እስከ 800 ሚሊሰከንድ ጥሩ ነው ይላል የጉግል መመሪያ፣ አንተ ግን ሰርቨርህ ገና ዳታቤዝ ሳይከፍት ልትጨርሰው ምንም አልቀረህም። ያንተ ገጽ ደሞ ፎንት ከአንድ ቦታ፣ ካርታ ከሌላ ቦታ፣ ክፍያ ከሌላ፣ ቻት ከሌላ ሚጠራ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰላምታው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ስለዚ እዛው ሆነህ አትገምት፣ ልጁን አስለካው። ላፕቶፕ ላይ ክሮም ይክፈት፣ ኤፍ 12 ይጫን፣ «ኔትዎርክ» ሚለው ውስጥ ገብቶ «ዲሴብል ካሽ» ላይ ምልክት ያርግ (ካልሆነ ትናንት ያወረደውን ነው ሚያሳይህ፣ ውሸት ፍጥነት ነው) ከዛ ገጹን ሪፍሬሽ ያርግና የተመዘገበውን በሙሉ ሀር በሚባለው ፋይል አስቀምጦ ይላክልህ። አንተ እዛ ስትከፍተው እሱ አዲስ አበባ ያየውን ዋተርፎል ቁልጭ አርገህ ታየዋለህ። አንድ ነገር ብቻ፣ ሀር ፋይል ውስጥ የመግቢያ ኩኪ ሊኖር ስለሚችል የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳይለጥፈው፣ ላንተ ብቻ ይላከው።

ከዛ ምን ታረጋለህ? ፎቶና ዲዛይን ፋይሎቹን ሲዲኤን (ኮፒውን በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች ይዞ ለሰው ከቅርቡ ሚያድል አገልግሎት) ላይ ጫናቸው፣ ክላውድፍሌር እንኳን ነጻ ፓኬጅ አለው። የትዕዛዝ ገጹ ግን በየደቂቃው ስለሚቀያየር ኮፒው ተይዞ አይቀመጥም፣ እሱን ወይ ቀለል አርገው ወይ ሰርቨሩን አውሮፓ አምጣው፣ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ግማሽ መንገድ ነው። በግ ከፋዩ አሜሪካ፣ በግ ጎታቹ አዲስ አበባ ስለሆነ መሐል ላይ መገናኘቱ ያስኬዳል። ደሞ ሳልረሳው፣ ፔጅስፒድ ከላይ «የእውነተኛ ተጠቃሚዎች» ብሎ ሚያሳየው ዳታ ከክሮም ነው ሚሰበሰበው፣ አይፎን ላይ ያለ ክሮም ግን አይቆጠርም። አንተ ጋ ያለው ደንበኛ አብዛኛው አይፎን ከያዘ እዛ ዳታ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ስፒድቴስት ላይ 40 ሜጋ ያመጣልኛል፣ የራሴ ዌብሳይት ግን ይንቀራፈፋል። ቴሌ ልሂድ?
(ከአዳማ)

መልስ፦ አትሂድ። ስፒድቴስት እና የኔትፍሊክሱ ፋስት ሚለኩት ካንተ ስልክ እስከ መለኪያ ሰርቨራቸው ያለውን መስመር ነው፣ ስለ ዌብሳይትህ ምንም አያውቁም። 40 ሜጋ ማለት አስፋልቱ ሰፊ ነው ማለት ነው፣ መኪናህ ግን ያው መኪናህ ነው። ፔጅስፒድ ውስጥ አስገባውና ሚልህን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ፣ በኦንላይንም እሸጣለሁ። ሞባይል ላይ ስፈትነው መጀመሪያ 64፣ ወዲያው ስደግመው 71፣ ማታ 58! ምኑን ልመን? ከላይ ደሞ ዳታ የለም ይላል። ጎረቤቴ ያለችው 100 አምጥቻለሁ ብላ ፌስቡክ ላይ ለጥፋለች፣ እኔም 100 እፈልጋለሁ።
(ባለ ጥልፏ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጥሩ መለዋወጡ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሰርቨርሽ ላይ ያለው ጫና፣ መስመሩ፣ ከሌላ ቦታ ሚጠሩት ነገሮች በየደቂቃው ይለያያሉ። አምስት ጊዜ ፈትኚ፣ ውጤቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪ፣ ሦስተኛውን ውሰጂ፣ አለቀ። አራት አምስት ነጥብ ከፍ ዝቅ ካለ አትደንግጪ። ዳታ የለም ማለቱም ቅጣት አይደለም፣ ያ ክፍል ባለፉት 28 ቀናት በክሮም የገቡ እውነተኛ ሰዎችን ነው ሚቆጥረው፣ በቂ ሰው ካልገባ ባዶ ይተወዋል። የሆነ ቀን ሲመጣልሽ ደሞ ዛሬ አስተካክለሽ ነገ ካልተቀየረ እንዳትበሳጪ፣ አሮጌዎቹ ቀናት እስኪወጡ ይጎትታል።

የ100ው ነገር… እስቲ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ለአንድ የጫማ ሱቅ ሳይት ስሠራ 100 ካላየሁ አልተኛም አልኩ። ፎቶዎቹን ሳሳንስ ሳሳንስ ጫማው ቡኒ ይሁን ጥቁር እማይለይበት ደረጃ አደረስኩት፣ የቻት ቁልፏን ደሞ ሰው ስክሪኑን ነክቶ ጥቂት ሰከንድ እስኪያልፍ እንዳትመጣ አረግኳት። 100 መጣ፣ አራት አረንጓዴ ክብ፣ ስክሪንሾት አንስቼ ለጠፍኩ፣ ላይኩ በላይ በላዩ። በሳምንቱ ባለቤቱ ደውሎ «ሰው በቻት መጠየቅ ተወ እንዴ?» አይለኝም! ለካ መጥቶ ቁልፏን ሲያጣ እየሄደ ነው። ላይትሃውስ፣ ፔጅስፒድ ውስጥ ሆኖ ሚፈትነው ሞተር፣ ገጹን ከፍቶ ያያል እንጂ አይገዛም፣ ምንም አይነካም። ቀለም አይመርጥም፣ «እዘዝ» አይጫንም።

ቁጥሩ ራሱ ከምን እንደሚሠራ ካወቅሽ ምኑን እንደምትነኪ ይገባሻል። ከመቶው 30ው ገጹ እየተጫነ ሳለ ስልኩ በኮድ ተጠምዶ እጅ ማይቀበልበት ጊዜ ነው፣ 25ቱ ትልቁ ነገር (ላንቺ ከላይ ያለው የቀሚስ ፎቶ) እስኪታይ ያለው፣ 25ቱ ገጹ መዝለሉ፣ የቀረው 20 የመጀመሪያው ነገር ብቅ እስኪልና ገጹ በዓይን እስኪሞላ ያለው ፍጥነት። መዝለል ያልኩት ያቺ ሁሉንም ሚያናድደው ነገር ናት፣ ጣትሽን «እዘዝ» ላይ ልታሳርፊ ስትይ ከላይ የቅናሽ ማስታወቂያ ዱብ ይልና ቁልፉ ወደታች ወርዶ ጣትሽ «ሰርዝ» ላይ ያርፋል። ያንቺ ሳይት ይሄ አለበት፣ ያ ቀዩ የፋሲካ ቅናሽ ባነር። ቦታው ከፍታውን ተናግሮ አስቀድሞ ክፍት እንዲቀመጥለት አሠሪው፣ የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከ100ው ይልቅ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዢ፦ ትልቁ ፎቶ በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ መዝለሉ ከ0.1 አይብለጥ፣ ሰው ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ መልስ ይስጥ። የመጨረሻዋ አይኤንፒ ትባላለች፣ በፈረንጆች ማርች 2024 ነው ጉግል የድሮዋን መለኪያ አውጥቶ እሷን ያስገባት፣ እሷን ደሞ ከእውነተኛ ሰው ካልሆነ ከፈተና ላይ አታገኚያትም። ስለዚ ርካሽ ስልክ ተበደሪና፣ የዘበኛችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ዋይፋይ አጥፊና በዳታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነጠላ እዘዢ። የት ላይ እንደተናደድሽ ጻፊው። ጎረቤትሽ እንኳን ደስ አላት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ፣ የሰበሰብኳቸውን የአማርኛ ተረቶች ማስቀምጥበት ሳይት አለኝ። ፎቶ እንኳን የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ግን ሲከፈት ለትንሽ ጊዜ ባዶ ይሆንና ጽሑፉ በኋላ ነው ሚመጣው። መሣሪያው «ፎንት» እያለ ይወቅሰኛል። ፊደላችን ከባድ ስለሆነ ነው እንዴ?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ደስ አለኝ፣ ስለፊደላችን ማንም አይጠይቀኝም። ጽሑፉ ራሱ አይከብድም። እውነት ነው አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የኛ ሀ ሦስት ባይት ትይዛለች፣ ግን 5,000 ፊደል ያለው ረጅም ተረት እንኳን 15 ኪሎባይት ነው፣ ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ደሞ ይቀንሳል። ከካሜራ የወጣ አንድ ፎቶ ሦስት መቶ ተረት ይውጣል።

ሚከብደው ፎንቱ ነው። እንግሊዝኛ በ26 ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ ይጨርሳል፣ እኛ ከነዲቃላው ከ250 በላይ ቅርጽ አለን፣ እያንዳንዱ ተስሎ ፋይሉ ውስጥ መግባት አለበት። አንተ ደሞ እንዳየሁት ቀጭን፣ መደበኛ፣ ደማቅ፣ በጣም ደማቅ ብለህ አራት ፋይል ጭነሃል፣ ያውም ቲቲኤፍ በሚባለው ባልተጨመቀ የፎንት ፎርማት። ክሮም ፎንቱ እስኪመጣ እስከ 3 ሰከንድ ጽሑፉን ደብቆ ይጠብቃል፣ ያ ባዶ ምትለው እሱ ነው። ዋተርፎሉን ስታይ ጽሑፉ ቶሎ ደርሶ አራቱ ፎንቶች ከኋላው ሲንገዋለሉ ታያቸዋለህ።

ሁለቱን ጣላቸው፣ ቀጭኑንና በጣም ደማቁን። የቀሩትን ዎፍ 2 ወደሚባለው ለዌብ ወደተጨመቀው ፎርማት ቀይራቸው፣ ብዙ ይቀንሳሉ። ሲኤስኤሱ (የገጹ መልክ ሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ የፎንት ዲስፕሌይን «ስዋፕ» በለው፣ ያኔ ፎንቱ እስኪመጣ በስልኩ ፊደል ጽሑፉን ያሳያል። ወይ ደሞ እንደኔ ሰነፍ ከሆንክ ጭራሽ ምንም አትጫን፣ አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዞ ነው ሚመጣው፣ ዊንዶውስ ኢብሪማ አለው፣ አፕል ከፋ የሚባል አለው፣ አዎ የኛው ከፋ። ማንም ሰው ያንተን ተረት ለማንበብ ፎንት ማውረድ የለበትም። ዲዛይነር ጓደኛህ ግን ይቆጣል፣ የቁም ጽሕፈት ሚመስለውን ፎንት ካልተውክልኝ ካለህ ለአርዕስቱ ብቻ ተውለት፣ እሱንም አንድ ፋይል።